የሳተች ታጥባለች
ስለ አካባቢያችን የሴቶች ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ይልኩታል። ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ ድምፅ ማጉያ ይዤ ስጮህ የኖርኩት እኔ ነኝና። ሰውየው ማን ስንት ጊዜ ዋንጫ እንደበላ ሊሰማ ይመጣል፣ እኔ ስለ ሳሙና እነግረዋለሁ። ፊቱን ያጠቁራል። ያጥቁር! ደስ ካላለው የወንዶቹን ታሪክ ሄዶ ይጻፍ።

ዋንጫው ራሱ ሲጀመር መሳቂያ ነበር። አናቱ ላይ ኳስ የሚመታ ጢማም ወንድ ቆሞበታል። የሴት ቅርጽ ቢፈለግ ጠፋ፤ አንጥረኛው ጢሙን በሞረድ ፋቀና "ይኸው፣ ሴት ሆነ" ብሎ አስረከበ። ሜዳውም ከክር ፋብሪካው ጀርባ ያለ ቁልቁለት ቢጤ ነበር፤ ወደ ታች የሚያጠቃ ቡድን ግማሽ ጎል እንደያዘ ይቆጠርለታል። ወንዶቹ ሊስቁ ተሰብስበው መጡ። የፋብሪካውን ቡድን አጥቂ ሲያዩ ግን ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ።

ያኔ ገና ሳሙና አልተባለችም። "ሚስማር" ነበር የምትባለው። በፋብሪካው ክር ስታጠነጥን የምትውል ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ኳሱን ግን ያሰበችው ቦታ ላይ ነበር የምትተክለው። ፍፁም ቅጣት ምት ስትመታ በረኛዋ መወርወሯ ለወጉ ያህል ነው።

ከውድድሩ በፊት የማሊያ ማጠብ ነገር ተነሣ። ፋብሪካው ማሊያ ሰጠ እንጂ አጣቢ አልሰጠም። በረኛዋ "በተራ እንጠብ" ብትል ሚስማር ሳቀች።

"ምን ተራ ያስፈልገዋል? ፍፁም ቅጣት ምት ስታ ቡድኑን ያስወጣች ታጥባለች። ሌላዋ እስክትስት ድረስ ሳፋው የእሷ ነው!"

ሁሉም አጨበጨበ። ስታ የማታውቅ ልጅ እንዲህ ያለ ደንብ ብታወጣ ምን ይደንቃል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ይህን ግን በዚያ ቀን ያሰበ የለም።

በመጀመሪያው ፍጻሜ ጨዋታው በአቻ ውጤት አለቀና መለያ ምት ተመታ። የመጨረሻዋ መቺ እሷ ነበረች። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ተወርውሮ የፋብሪካው ጣሪያ ላይ አረፈ። ልጆቹ አልቅሰው ሲጨርሱ ሳፋውን እየደበደቡ አመጡላትና ራሷ ላይ ደፉባት። እሷም አብራ ሳቀች። "የአንድ ዓመት ነገር ነው፣ ምን አለበት" አለች። ሳምንት ሳይሞላ ሚስማር የሚለው ስም ተረስቶ ሳሙና ቀረላት።

በዓመቱ አሰልጣኙ ጠራት። "በጨዋታ ሰዓት ልብስ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ የማን የቱ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።"

"እኔ መቼ ልጫወት ታዲያ?"

"ሳፋውን ስታስረክቢ ትመለሻለሽ። ማን ከለከለሽ?"

እንዲህ ነው ሰው የሚጣለው፣ በለሰለሰ ቃል። በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ገባች። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ተሸንፎ ያውቃል፣ ያውም እንደ ጉድ፤ በመለያ ምት ግን ከአንድ ጊዜ በቀር አልወጣም። ያኔ አንዷ ሳተችና ሳሙና ሳፋውን አጥባ፣ አድርቃ ይዛላት ሄደች። ልጅቷ ለካ በማግስቱ አግብታ ከተማውን ለቅቃለች። "የሄደ አይቆጠርም" አለ አሰልጣኙ። ዋንጫ ሲያነሡ ደግሞ አዲስ ቀልድ አመጡ፤ "እርጥብ እጅ ዋንጫ አይነካም" ይላሉ። እየተሳሳቁ ከእጅ እጅ ሲቀባበሉት እሷ ቦርሳቸውን ታቅፋ ዳር ትቆማለች። ዋንጫውን አንድ ጊዜ፣ ለአንዲት ደቂቃ መያዝ ፈልጋ እንደነበር ዕውር እንኳ ያየዋል። እነሱ ግን አላዩም።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር በአንዲት ክፍል ነበር። በዝናብ ወቅት ማሊያው ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ከሥሩ የእናትየው አልጋ ነው። አሮጊቷ እግሯ እንጂ ምላሷ አልታመመም።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ላብ ነው የሚንጠባጠብብኝ?"

"የተከላካይዋ ነው፣ እማዬ።"

"እሷማ ሮጣም አታውቅ! ይህን ሁሉ ላብ ከየት አመጣችው? ለመሆኑ መቼ ነው የምትተኪው?"

"ዘንድሮ፣ እማዬ።"

እናትየው "ዘንድሮ"ን እየሰማች ሞተች። የሞተችው በግማሽ ፍጻሜው ዋዜማ ነው። አሰልጣኙ ለቅሶ ደረሰ፤ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ "እናት ምትክ የላትም" አለ። ሲወጣ ማሊያ የሞላበትን ጆንያ በሩ ሥር አስቀመጠላት። "ሥራ ሐዘን ያስረሳል" አላት። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ያንን ሰውዬ ዛሬም ድረስ እጠላዋለሁ።

ዓመታት ነጎዱ፤ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ቡድኑ ክለብ ሆነ፣ ሜዳውም ተስተካክሎ ሣር ለበሰ። ሊቀመንበር የሚባል፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው መጣ። ልጁም አጥቂ ሆነች። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ኳስም ትችላለች። በዚያ ዓመት ፍጻሜው እንደገና መለያ ምት ላይ ደረሰ፤ የመጨረሻዋ መቺም እሷ ሆነች።

ሳሙና ከቦርሳዎቹ መሀል ብድግ አለች። እጇ ሳሙና የበላው፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው፤ ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። ሜዳው ሙሉ "ይግባ" እያለ ሲለምን እሷ ብቻዋን "ይሳት" ብላ ስትጸልይ አየኋት። ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም።

ሳተች። ሕዝቡ አለቀሰ። ሳሙና ሳፋውን አንሥታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችውና ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች። ማጉያውን ጥዬ ተከተልኳት።

ሳፋውን ልጅቷ እግር ሥር በቀስታ አስቀመጠች። "አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ንከሪው፤ ሙቅ ውሃ ቀለሙን ያስለቅቀዋል።"

ልጅቷ ሳፋውን አየች፣ ቀጥላ አባቷን አየች። "ምንድን ነው ይሄ?" አለ ሊቀመንበሩ። አሰልጣኙ ደንቡን አስረዳው። ሰውየው ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"በዚህ ዘመን? ተጫዋችን ልብስ በማሳጠብ መቅጣት? ይህ ነውር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል!"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ያለቀሱም ነበሩ። ሳሙና ራሷ አጨበጨበች፤ ነገሩ ገና አልገባትም።

"ታዲያ ማሊያውን ማን ያጥበዋል?" አለች አምበሏ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ዓይን ሁሉ ወደ ሳሙና ዞረ። ሊቀመንበሩ ትከሻዋን አቀፈ። "እናታችን አሉልን እኮ! ከእንግዲህ ቅጣት አይደለም፤ በፍቅር የሚሠሩት ሥራ ነው።"

ወልዳ አታውቅም። የእናትነትን ስም የሰጧት በዚያን ቀን ነው፣ ያውም በሳፋ።

"ሌላ ልጅ ብትስትስ?" አለች ሳሙና።

"ምን ችግር አለ? ደንቡ ተሽሯል እኮ፣ እማማ!" አላት ሊቀመንበሩ።

ሳሙና ሳፋውንም ጆንያውንም እዚያው ትታ ባዶ እጇን ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችም። እኔ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። "በቃ! ዘግይቶም ቢሆን ተገላገለች" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ቤቷ ሄድኩ። አምበሏ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጆንያውን ሳፋው ውስጥ አድርጋ ተሸክማዋለች።

"እማማ ሳሙና፣ ረስተውት ሄዱ እኮ! እርጅና መጣ መሰለኝ" ብላ ሳቀችና ጉንጯን ሳመቻት። የፍቅር ሳቅ ነበር፤ የከፋውም እሱ ነው።

"አልረሳችውም!" ብዬ ጮህኩ። ያለ ማጉያም ድምፄ ሰፈር ያስደነግጣል። "ጥላችሁ ነው የሄደችው! አይገባችሁም?"

አምበሏ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። "ጥለውን ነው እንዴ፣ እማማ?"

ሳሙና በሩን ተደግፋ ቆመች። ልጅቷ እውነት ግራ ገብቷታል፤ ይህች ሴት ሌላ ነገር ልትፈልግ እንደምትችል በሕልሟም አልመጣባትም። ሳሙናም ያንን ፊቷ ላይ አነበበችው።

"ተይው፣ አትስሚው" አለቻት። "ረስቼው ነው።"

ጆንያውን ፈታችው። ከላይ የነበረው የሊቀመንበሩ ልጅ ማሊያ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ነከረችው።