ጥላሸት ያልናት ልጅ

ዛሬ በወንጂ መንገድ ሳልፍ የሚቃጠል የሸንኮራ አገዳ ሽታ በመኪናው መስኮት ገባና፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አዳማ ውስጥ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ትዝ አለችኝ። አባቷ ወንጂ ውስጥ፣ ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለውን አገዳ የሚቆርጥ ሠራተኛ ስለነበር ልብሷ ጭስ ጭስ ይል ነበር። «ጥላሸት» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀበለኝ።

አንድ ቀን ሽማግሌው የእንግሊዝኛ መምህራችን ከቤታቸው ባመጡት ላፕቶፕ ስለ ተማሪዎች የተሠራ የድሮ ፊልም አሳዩን። ፊልሙ ውስጥ ጉልቤውም ቆንጆዋም በተለጠፈባቸው ስም ታፍነው ይኖራሉ። ሲያልቅ መምህሩ «እናንተስ ሰው ከሚላችሁ ሌላ ማን ናችሁ?» አሉን።

አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ተነሳች። «እኔ ጭስ ጭስ እንዳይል ዩኒፎርሜን ማታ ማታ የማጥብ፣ ጠዋት ደግሞ አሽትቼ የምለብስ ልጅ ነኝ» አለች።

ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። መምህሩ አልተቆጡም። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ለሰው ስም ስታወጣለት ያንን ሰው ማየት ታቆማለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ቦታዋ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ዛሬ ቤት እንደገባሁ አፈላልጌ ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ለድሮ የክፍል ጓደኞቼ ደወልኩ። ሁሉም በደንብ ያስታውሷታል። እውነተኛ ስሟን ግን እንደ እኔው አንዳቸውም አያውቁትም።