አሮጌው ሰርቨር ያልተቀበለው ጉድጓድ

ከአዳማ የወጣሁት ማልጄ ነው። ዓለም ጤና አጠገብ ያለ አንድ የውኃ ማኅበር የሰርቨሩን ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ዳታቤዝ ወደ አዲስ ስሪት እንድቀይርለት ጠርቶኝ ነበር። በየጉድጓዱ ያለው መሣሪያ የውኃውን መጠንና ሙቀት ወደዚያ ሰርቨር ይልካል። ሞጆ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ቆቃን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሰሞኑን ምድሩ ረፍት እንደነሳቸው፣ ሳህኖቻቸው መደርደሪያው ላይ እንደሚንጫጩ አጫወቱኝ።

ዓለም ጤና፣ ረፋድ

የማኅበሩ ኃላፊ ወይዘሮ ዘይነባ አስፋልቱ ዳር፣ ከሽንኩርት ጆንያዎች አጠገብ ጠበቁኝ። ፉል በልተን ወደ ቢሯቸው ገባን። መጀመሪያ ዳታውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ከዚያ አዲሱን ሲስተም ጫንኩ። መዝገቦቹን ወደ አዲሱ ዳታቤዝ ሳዛውር ግን አሮጌው ፕሮግራም “ስህተት” ብሎ ለብቻቸው ያስቀመጣቸው ብዙ ቁጥሮች ወጡ። ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ የመጡ የሙቀት ልኬቶች ናቸው። ፕሮግራሙ ያን ያህል የሞቀ ውኃ አይኖርም ብሎ አልተቀበላቸውም። ቁጥሮቹ አይዘሉም፤ ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። የተበላሸ መሣሪያ እንዲህ በሥርዓት አይዋሽም። እያየሁት አዲስ ልኬት ገባ፤ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ከዚያ ጉድጓድ የሚጠጡ ቤተሰቦች አሉ። ወዲያው ባጃጅ ያዝን።

ጉድጓዱ ጋ

ከሽንኩርት ማሳው ወዲያ ንፋስ የለም፤ ግራሮቹ ላይ አንዲት ወፍ አላየሁም። ጥበቃው ጋሽ ቱሉ አልጋቸውን ከአጥሩ ውጭ አውጥተዋል። “አካም ጅርቱ” ብዬ ሰላም ካልኳቸው በኋላ ለምን እንደወጡ ጠየቅኳቸው።

“እኔ እንጃ ልጄ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እዚያ ውስጥ ስተኛ ከጎኔ ሰው የተኛ ይመስለኛል። ይተነፍሳል።”

የጥበቃ ቤቷ ወለል ፀሐይ የማያገኘው ሲሚንቶ ነው። መዳፌን ሳስነካው እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ፓምፑ ቆሟል፤ ከሥር ግን አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይመታል። እጄን አነሳሁ። ልቤ መሆኑን ለማጣራት ደግሜ አስነካሁት። ልቤ አልነበረም።

ጄሪካን የያዘች እናት መጣች። ውኃው ሞቆ ስለሚወጣ ልጆቿን ያለ ማገዶ ማጠብ ከጀመረች ሰንብታለች፤ እግዜር አሞቀልን ብላ ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ ገለል አደረጓትና ቧንቧውን ከፈቱ። መጀመሪያ ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ እንፋሎት፣ ከዚያ የሚፈላ ውኃ ወጣ።

“ከዛሬ ጀምሮ ማንም እዚህ አይቀዳም” አሉና ቧንቧውን ዘጉት። እዚያው ቆመው ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ በስልክ ጠሩ። ጋሽ ቱሉንም ጎረቤት ዘንድ ወሰድናቸው።

መልስ

ቢሮ ተመልሼ ሥራዬን ጨረስኩ። የተጣሉትን ልኬቶች ሁሉ አስገባሁ፤ ሙቀት ሲጨምር የሚያስጠነቅቅ መልእክትም ሠራሁ። ሲመሽ አዳማ ገባሁ። ባለቤቴ ሥራ እንዴት ነበር ስትለኝ ደህና አልኳት።

እራት ላይ ሳለን ወይዘሮ ዘይነባ ደወሉ። የጥበቃ ቤቷ ወለል ወደ ውስጥ ተደርምሷል፤ ከሥሩ እንፋሎት እየወጣ ነው። ቤቷ ውስጥ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨር ሳሻሽል አሮጌው ፕሮግራም “ስህተት” ብሎ የጣለውን ከመሰረዜ በፊት ቦታው ድረስ ሄጄ አያለሁ። እስካሁን አብዛኛው እውነትም ስህተት ነበር።