ጋሽ ይገረም የት ሄደው ያልቅሱ?

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው መንደራችን ሰው ሲሞት ከቄሱም ከሼኩም በፊት የሚጠሩት ጋሽ ይገረም ናቸው። የዕድሩን ድንኳን የሚተክሉት እሳቸው ናቸው። ቀን ቀን ምናለሽ ተራ ተቀምጠው የተበሳሳ ብረት ድስት ይጠግናሉ። “ሰው አርፏል” ከተባሉ ግን መዶሻቸውን ጥለው የዕድሩን ዕቃ ቤት ይከፍታሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ሐዘን የተቀመጠው በሳቸው ድንኳን ሥር ነው። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ አንዱን ገመድ ከግንብ፣ ሌላውን ከመስኮት ብረት አስሮ፣ አላፊ አግዳሚውን ሳያንቅ ድንኳን የሚያቆም ሌላ ሰው የለም።

ባለቤታቸው እትዬ ባይነሽ ይህን ሥራ አይወዱትም ነበር። “ለሰው ለቅሶ እንዲህ የምትፋጠን፣ በእኔ ቀን ምን ልትሆን ነው?” ይሏቸዋል። እትዬ ባይነሽ ባላቸውን ሳይሰድቡ የጠዋት ሻይ አይቀዱም። ጋሽ ይገረምም ሳይሰደቡ ሻዩ አይጥማቸውም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እትዬ ባይነሽ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ጋሽ ይገረም የሚሆኑት ቢጠፋቸው የሚያውቁትን አደረጉ። ድንኳን ተከሉ።

“ኧረ ተው፣ ዛሬ እንኳ ሐዘንተኛ ነህ” ተብለው መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድርተኞቹ ሲሞክሩት ግን ድንኳኑ ወደ ፍሳሹ ቦይ ዘመመ። አላስቻላቸውም። ጋቢያቸውን አሸርጠው መሰላል ላይ ወጡ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ለቀስተኛው ሁሉ እየጮኸ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው፣ “በዚያ በኩል አሳልፉት፤ ገመዱን እንዳትነኩብኝ!” አሉ።

ከቀብር መልስ ከጎጃም የመጡት የሟች እህት እትዬ ታንጉት ይህንን አልረሱትም።

“አንተ ይገረም፣ ለመሆኑ ሚስትህ እህቴ ናት ወይስ ይሄ ሸራ? አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ!”

እንባው የት እንደሄደ ጋሽ ይገረም ራሳቸውም አያውቁም። ደረታቸው ላይ የሆነ ነገር ተጭኗቸዋል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረዋት የኖሩትን ሴት ሳያለቅሱላት ሊቀሩ መሆኑን ሲያስቡ ፈሩ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ነፋስ ተነስቶ ድንኳኑ መርገብገብ ጀመረ። ጋሽ ይገረም ቀና ብለው አይተው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ጎረቤታቸውን ሰዓደትን፣ “ጠንካራ ገመድ ፈልጊልኝ እስቲ” አሏት።

ሰዓደት በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት፤ ልቧ ቶሎ ይደነግጣል። እንባ እምቢ ያለው ሐዘንተኛ ገመድ ሲጠይቅ ሰማችና ክው አለች። ሮጣ ለእትዬ ታንጉት ነገረች። እትዬ ታንጉት ለዕድሩ ዳኛ ነገሩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በግቢው ውስጥ ገመድ የሚባል ነገር ጠፋ። የልብስ ማስጫው ሳይቀር ተፈትቶ የሰፈሩ ልብስ በየአጥሩ ላይ ተሰጣ። የጋሽ ይገረም የጫማ ማሰሪያም ወጣ።

ጋሽ ይገረም ለብቻቸው መቀመጥ ቀረባቸው። ሽንት ቤት ሲገቡ ሰዓደት ከውጭ ትቆማለች።

“ጋሼ፣ አሉ?”

“አለሁ።”

“ዝም አይበሉና! የሆነ ነገር ያውሩ እንጂ!”

“እዚህ ውስጥ ሆኜ ምን ላውራሽ፣ ልጄ?”

ከሁሉ የባሰው ይሄ አልነበረም። የባለቤታቸው ነጠላ ወይም የሻይ ብርጭቆ ትዝ ብሏቸው ዓይናቸው እርጥብ ሲል፣ ከግራም ከቀኝም “በቃ! በቃ! አይዞህ! ለእሷም አይበጃት!” የሚል ጩኸት ይነሳል። ወዲያው ደግሞ አንድ እጅ ጉርሻ ይዞ ይመጣል። አፍ ሞልቶ ማልቀስ አይቻልም። በሣልስቱ ጋሽ ይገረም ወፍረው ነበር እንጂ አላለቀሱም።

በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጃቢዎቻቸው መሐል ሆነው በሲኒማ ራስ በኩል ያልፉ ነበር። አንድ ተሸካሚ ተራራ የሚያህል ስፖንጅ ፍራሽ አናቱ ላይ ቆልሎ፣ “ዞር በሉ! ዞር!” እያለ መጣና ሰዉን ለሁለት ከፈለው። ጋሽ ይገረም ከፍራሹ ወዲያ ቀሩ። ማምለጥ አላሰቡም ነበር። ፍራሹ ወደ አማኑኤል ሰፈር ሄደ፤ እሳቸውም ማሰሪያ በሌለው ጫማቸው እየተንሸራተቱ አብረውት ሄዱ።

አማኑኤል ሲደርሱ አንድ መንደር ውስጥ ድንኳን አዩ። መሐለኛው ምሰሶ ዘሟል፤ ሸራው የተቀመጡትን ሰዎች አናት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሊያቃኑት ገቡ። ከልማድ “እግዜር ያጥናችሁ” ሲሉ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸውና ተቀመጡ።

የሚያውቃቸው የለም። አይዞህ የሚላቸው የለም። የሚያጎርሳቸውም የለም። ያ ደረታቸው ላይ የተጫነው ነገር በድንገት ተነቃነቀ።

“ወይኔ እመቤቴን!” አሉ ጮኸው። “ከእንግዲህ በጠዋት ማን ይሰድበኛል!”

የለቀስተኛው ራስ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

“ማነው ይሄ?” አለች አንዷ ሴት ቀስ ብላ።

“እንጃ። ከባልየው ይልቅ ባል የሚመስለውስ እሱ ነው።”

ባልየው ጋሽ ይድነቃቸው ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት። ሚስታቸውን ኤልሳቤትን ትናንት ነው የቀበሩት። ኤልሳቤት ደግሞ ሰው ቀርቶ ድመት ተቆጥተው አያውቁም። ጋሽ ይድነቃቸው ተነስተው እንግዳው አጠገብ ተቀመጡ።

“ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤቴን የት ነው የሚያውቋት?”

ጋሽ ይገረም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ።

“እኔን አብረን በኖርንበት ዘመን አንድ ቀን ሰድባኝ አታውቅም። እርስዎን ትሰድብዎት ነበር?”

“በየጠዋቱ!” አሉ ጋሽ ይገረም እያነቡ። “አንድ ቀን ዘላ አታውቅም!”

“በየጠዋቱ?” የጋሽ ይድነቃቸው ድምፅ ቀጠነ። “የት?”

“ቤት ነዋ! አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ ሻይ እየጠጣን!”

ሁለት ሰዎች ተነስተው ጋሽ ይድነቃቸውን ክንዳቸውን ያዟቸው።

“ባይኑዬን!” አሉ ጋሽ ይገረም። “ወይኔ ባይነሽን!”

“ባይነሽ ማናት?”

“ባለቤቴ ናታ! ዛሬ ሣልስቷ ነው። እቤቴ ሆኜ እንዳለቅስላት እምቢ አሉኝ!”

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ድንኳኑ በሙሉ ተከተላቸው። ጋሽ ይድነቃቸውም ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። “እኔንስ መቼ አስለቀሱኝ!” አሉ። ሁለቱ ባሎች ተቃቅፈው አነቡ።

በዚህ መሐል እትዬ ታንጉትና ሰዓደት ደረሱ። ይህ ሰው ድንኳን ካየ እንደማያልፍ ስለሚያውቁ ባዩት ድንኳን ሁሉ እየገቡ ነበር የመጡት።

“እዚህ ነው የምታለቅሰው?” አሉ እትዬ ታንጉት ወገባቸውን ይዘው። “የእኛ ድንኳን ምን አነሰው?”

ጋሽ ይገረም ቀና አሉ። እትዬ ታንጉት ያንን የረጠበ ፊት ሲያዩ ቁጣቸው ጠፋ። አጠገባቸው ተቀምጠው “እህቴን!” ብለው ጮኹ። አንዱ “በቃ፣ በቃ” ሊል አፉን ከፈተ።

“ተዋቸው!” አሉት ጋሽ ይድነቃቸው።

ጋሽ ይገረም የሚወጣው ሁሉ ሲወጣላቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ ሸራው አንጋጠጡ።

“ይሄንን ምሰሶ ማነው የተከለው? እስቲ ገመድ አምጡልኝ።”

ሰዓደት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ፊታቸውን አየችው፤ ዓይናቸው አብጧል፣ አፍንጫቸው ቀልቷል። ቦርሳዋን ቀስ ብላ ከፈተችና፣ እሳቸው እንዳያገኙት ይዛው ስትዞር የሰነበተችውን የልብስ ማስጫ ገመድ አወጣች።

“ጠንካራው ይሄ ነው፣ ጋሼ” ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ይገረም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጡ። ማሰሪያ የሌለው ጫማቸው አዳለጣቸውና ተንገዳገዱ።

“አንተ ደንቆሮ!” ብለው ጮኹ እትዬ ታንጉት ከሥር። “ወድቀህ ደግሞ ሌላ ድንኳን ልታስተክለን ነው?”

ጋሽ ይገረም ገመዱን እንደያዙ ዞር ብለው አይዋቸው።

“ድገሚው እስቲ” አሉ።