በግማሽ ደቂቃ የተቋረጠ ሰላምታ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።

ሥራዬ ካሜራና የበር ስልክ መግጠም ነው። የበር ስልክ የምለው በግቢ በር ላይ የሚገጠም፣ አንድ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ውስጡ ሲም ካርድ አለ። እንግዳ ቁልፉን ሲጫን የባለቤቱ ሞባይል ይጠራል፣ ይነጋገራሉ፣ ባለቤቱ ሞባይሉ ላይ አንድ ቁጥር ሲነካ በሩ ይከፈታል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ያስገጠመችኝ ባሕር ዳር የምትኖር ሴት ናት፣ ለእናቷ ለእትየ ዘርፌ። እትየ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በር ድረስ ወጥቶ መክፈት ከብዷቸዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው።

የገጠምኩ ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ አልቀናኝም። ሣጥኑ የሚታዘዘው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። የእትየን ቁጥር እንዲመዘግብ ላኩበት፤ መልስ ሳይመጣ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ሄደ። አንዱን ትእዛዝ ስምንት ጊዜ ያህል ላኩ። ዐሥር ሰዓት ገደማ እንደምንም ሠራ። በእትየ ሞባይል ላይ ዘጠኝ ቁጥርን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁላቸውና «እንግዳ ሲደውል ይቺን ይንኳት» አልኳቸው። ደጅ ወጥቼ ሞከርኩት። «እትየ፣ እኔ ነኝ» ስል ነኩት፣ ተከፈተ።

ሣጥኑ ንግግር በግማሽ ደቂቃ እንደሚቆርጥ መመሪያው ላይ አንብቤያለሁ። ማስረዘም ይቻላል፣ አንድ መልእክት ብቻ ነው። ግን ያችን አንዲት መልእክት ለመላክ አቅም አጣሁ። በር ለማስከፈት ግማሽ ደቂቃ ምን አነሰው ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ያልገመትኩት ነገር እትየ ዘርፌ ሰላምታ ሳይጨርሱ በር የማይከፍቱ ሰው መሆናቸውን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰላምታ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ካልጠየቁ አያልቅም። ገና ከብቱ ላይ ሳይደርሱ መስመሩ ይቋረጣል። እሳቸው እንግዳው የሄደ ይመስላቸዋል፣ እንግዳው እሳቸው የዘጉበት ይመስለዋል። ስልክ የተዘጋበት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጫንም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዘርፌ ስልክ በር ላይ ሰቅላ ኮራች» ማለት ጀመረ።

ልጃቸው ደውላ «እባክህ እየው» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። በማግስቱም «ነገ» አልኳት። እውነትም ደክሞኝ ነበር፣ ግን ሰው ሲደክመው ውሸቱም እውነት ይመስለዋል።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ወደ ሰፈራቸው ስታጠፍ ጋቢ የለበሱ፣ ከረጢት ያነገቱ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ቢሆንም አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው «እንደምን ዋልህ ልጄ» አሉኝ። እኔ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

በሩ ላይ ደርሼ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ደምሌ! ወንድሜ፣ አልዘጋሁብህም!» አሉ እትየ እያለቀሱ።

«እትየ፣ እኔ ነኝ፣ ሣጥኑን የገጠምኩት» አልኳቸው። ያለ ሰላምታ ከፈቱልኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ሞባይሉን በሁለት እጃቸው ይዘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። «ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ከጉና ሥር» አሉኝ። «ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ አልደረስህም ብዬ ይኸው አራት ዓመት ፊት ነሥቼዋለሁ። ዛሬ በራሱ ጊዜ መጣ። በልጅነቱ እንደሚጠራኝ እታበባ ብሎ እንዴት ከርመሻል አለኝ። ልጆቹን ልጠይቀው ስል ጠፋ። ዘጋችብኝ ብሎ ሄዷል እንግዲህ። ሁለተኛ አይመጣም፣ አውቀዋለሁ። እንዳልከተለው እግር የለኝ።»

ጋቢና ከረጢት ብቻ ነበር የታየኝ። ቦርሳዬን እዚያው ጥዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

በጉና በኩል ወደ ገሳይ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ሽማግሌው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«አያ ደምሌ አንቱ ነዎት?» አልኳቸው።

«ነኝ። ምን ፈለግህ?»

ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ሲም ካርዱ፣ ስለ ግማሽ ደቂቃው ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና «ሰላምታዬን ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው፤ ዕቃ በገዛ እጁ ሰው ላይ አይዘጋም» አሉ።

ልክ ናቸው። «እሳቸው አይደሉም አባቴ» አልኳቸው። «የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ ምኔ ነህና?» አሉ። ከዚያ ከረጢታቸውን አንሥተው ወረዱ።

በሩ ዘንድ ስንደርስ ቁልፉን ልጫን እጄን ዘረጋሁ። «ተወው» አሉኝ። ቆርቆሮውን በበትራቸው መቱትና «እታበባ! እኔ ነኝ፣ ደምሌ!» ብለው ተጣሩ።

ከውስጥ «መጣሁ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ የሚጎተት ነጠላ ጫማ። ከቤቱ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም፣ እኛ ግን ብዙ ቆምን። ጫማው እየቆመ እንደገና ይጎተታል። አያ ደምሌ መሬት መሬት እያዩ ጠበቁ። በመጨረሻ መወርወሪያው ተንሸራተተ። እትየ ግድግዳውን ተደግፈው ብቅ አሉ፣ በመጀመሪያ የወጣቸው ቃልም ይኸው ነው፤

«ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

አያ ደምሌ በትራቸውን ጣሉ። የእኅታቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እኔ ሣጥኑን ያየሁ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ያችን መልእክት ያን ዕለት ላኳት። ለመድረስ አፍታም አልፈጀባት። አሁን በገጠምኩበት ቤት ሁሉ ንግግሩን እስከሚችለው ድረስ አስረዝማለሁ፣ ቢደክመኝም።

እትየ ዘርፌ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል። ምርቃቱ ያሳፍረኛል። ያን ዕለት ተከፍተው ሲሄዱ እንኳ ሰላምታ ያልነፈጉኝን ሰው ራሴን ብቻ ነቅንቄ ያለፍኳቸው እኔ መሆኔን ለሁለቱም አልነገርኩም።