ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምስክር

አምስት ነበርን። አክስቴ እትዬ ዘውዴ፣ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ የምትሠራው። አቶ ሀብተማርያም፣ አስመራ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያረጁ፣ የተከራየናትን የኋላ ክፍል ከእኛ ጋር የሚጋሩ ካቶሊክ። ምዜ ንጆሮጌ፣ የጎረቤት ግቢ ዘበኛ፤ ምዜ ስዋሂሊዎች ሽማግሌን ሲያከብሩ የሚጠሩበት ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቴ ሰናይት። አምስተኛው እኔ፣ አሥራ ስድስት የሞላኝ፣ በዚያው ምግብ ቤት ሣጥን ተሸካሚ።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ ስልክ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተጋድማ ፊደላት በክብ የተደረደሩበት ጨዋታ ትጫወት ነበር፤ ቃል ስታወጣ ስልኩ ይጨፍርላታል፣ ሲያቅታት ራሱ ይነግራታል። የቃሉን ትርጉም ብጠይቃት «አባዬ፣ ሁ ኬርስ? ነጥቡን ሰጥቶኝ የለ!» አለችኝ። ልቆጣ አልኩና ተውኩት፤ ቁጣዬ የሚገባት ይህን ታሪክ ካወቀች ብቻ ነውና።

ደርግ አባታችንን ካሰረ በኋላ እትዬ ዘውዴ እኔንና ሰናይትን ይዛ በሞያሌ በኩል ወጣች። ናይሮቢ የደረስነው ሰማዩ ለሳምንታት እንደ አመድ በሚከርምበት በሐምሌ ብርድ ነበር። አቶ ሀብተማርያም በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እየተለማመጡ አንዲት የሴቶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆኑ መነኩሲት ስለ ሰናይት እንዲያስቡላት አደረጉ። መነኩሲቷ «በጥር ትምህርት ሲከፈት አምጧት» አሉ፤ «እንግሊዝኛ አንብባ ያነበበችውን ካስረዳችኝ አዳሪ አድርጌ እቀበላታለሁ፤ ካልቻለች ግን ቦታው ለሌላ ልጅ ነው።» ሰናይት ያኔ የምታውቀው እንግሊዝኛ ስሟን ከመናገር አያልፍም። ያቺ አንዲት ወንበር የቤታችን ጸሎትም ጭንቀትም ሆነች።

መማሪያ መጽሐፍ አልነበረንም። የነበረን ከምግብ ቤቱ ጠረጴዛ የሚነሳ፣ የቅባት ጣት ያረፈበት የትናንት ጋዜጣ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ ፊደላት ይታተማሉ፤ ከእነሱ በተቻለ መጠን ብዙ ቃል ማውጣት ነው ጨዋታው፣ መካከለኛው ፊደል የሌለበት ቃል ግን አይቆጠርም። ሰናይት ፊደላቱን እያገላበጠች፣ እያስጠጋችና እያራቀች፣ እንደ ቃል የሚመስላትን ትጮኻለች። ቃል ይሁን አይሁን የሚለውን ማን ይፍረድ? በምግብ ቤቱ ባለቤት ዘንድ መዝገበ ቃላት ነበር፤ አቶ ሀብተማርያም ግን በፍርድ ቤት ስንት የሐሰት ወረቀት አይተዋልና «ወረቀት መሐላ አይገባም» ብለው እምቢ አሉ። ችሎት አቋቋሙ። ከሰል ጆንያው ላይ ተቀምጠው እሳቸው ዳኛ፣ ሰናይት ከሳሽ፣ እትዬ ዘውዴ ተከሳሽ ሆኑ። ቃል ያመጣ ሰው፣ ያንን ቃል በሕይወቱ የሚያውቅ፣ ቆሞ የሚመሰክር ሰው መጥራት አለበት። ሕጉ ይኸው ነበር፤ በዓለም ላይ እንግሊዝኛን በዚህ መንገድ የተማረ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምስክራችን ብዙውን ጊዜ ምዜ ንጆሮጌ ነበሩ፤ በእንግሊዞች ዘመን በነጮች እርሻና አትክልት ቦታ ሲሠሩ ኖረዋልና። ቆባቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ ቃሉን በአፍ ብቻ ሳይሆን በገላቸው ያስረዳሉ። መሰላል ሲባል በአየር ላይ ይወጣሉ፤ ማጭድ ሲባል ጎንበስ ብለው ስንዴ ያጭዳሉ። የሌለውን ስንዴ ሽታ እስኪሸተኝ ድረስ አፌን ከፍቼ አያቸው ነበር።

ጃካራንዳው መንገዱን ሐምራዊ ያደረገበት ሰሞን፣ አንድ ማታ ሰናይት ብድግ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። «ፓረንት!» አለች፤ ወላጅ ማለት ነው።

«ዳኛዬ፣ ምስክር ትቁጠርልኝ!» አለች እትዬ ዘውዴ። «ከአፏ እንደ ቆሎ ስለፈሰሰ ሁሉ ቃል ነው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምስክርሽን ጥሪ» አሉ አቶ ሀብተማርያም።

ምዜ ንጆሮጌ መጡ። ቃሉን ሰሙ፤ መሰላል አይደለም የሚወጡት፣ ስንዴ አይደለም የሚያጭዱት። ክፍሏን ዙሪያዋን አዩና በመጨረሻ በትራቸውን ወደ እትዬ ዘውዴ ዘረጉ። «ሁዩ» አሉ፣ ይቺ ማለታቸው ነው። እትዬ ዘውዴ ማኅፀኗ ልጅ አላየም ነበር። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበችና በቀጭን ድምፅ «ተረትቻለሁ፣ ዳኛዬ» አለች። እኔም ስድስት ድፍን ፊደላት ከቅባታም ወረቀት ተነሥተው አንዲትን ሴት እናት ሲያደርጉ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፣ የዚያን ማታ ያህል የተገረምኩበት ገጽ ግን የለም።

ጥር ደረሰ። አቶ ሀብተማርያም «ምስክር ሩቅ ከሆነ ክርክር ይወድቃል» ስላሉ አምስታችንም አብረን ሄድን፤ ምዜ ንጆሮጌም ለአንድ ሰዓት ብለው የሚጠብቁትን ግቢ በር ቆልፈው መጡ። እኛ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ምዜ ንጆሮጌ በሩ ላይ ቆመው፣ ሰናይት በተከፈተው መስኮት ውስጥ ስለ እርሻ የተጻፈ ምንባብ ስታነብ ሰማናት። መነኩሲቷ ማጨድ የሚለውን ቃል በጣታቸው ይዘው ትርጉሙን ጠየቋት። ሰናይት ነጠላዋን አጣፋች፤ በእንግሊዝኛ «ምስክር አለኝ፣ ሲስተር፤ በር ላይ ቆመዋል» አለች።

መነኩሲቷ ግራ ተጋብተው ወጡ። ምዜ ንጆሮጌ ቆባቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን አነሡ፣ ሣሩ ላይ ጎንበስ ብለው አጨዱ። የገበሬ ልጅ ሆነው ነው መሰለኝ፣ መነኩሲቷ በሳቅ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላ ነዶውን ያስሩላቸው ጀመር። ሁለት አዛውንቶች፣ አንዱ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ በባዶ ሣር ላይ አዝመራ ሲሰበስቡ ዳኛችን ሳይቀሩ ብድግ ብለው ቆሙ። ምዜ ንጆሮጌ ግን ሰዓቱ ሄዶባቸው ነበርና ፍርዱን ሳይሰሙ ወደ በራቸው ሮጡ።

ሰናይት ገባች። ለልጆቼ በነጻ የሚገኝ እውቀት የለም የምላቸው ያስከፈለውን ስለማውቅ ነው። የግቢው ጌታ ቀድሞ ተመልሶ በሩን ተቆልፎ አገኘውና ምዜ ንጆሮጌን በዚያው ቀን አባረራቸው፤ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሙራንጋ ሲሄዱ የሰፈራችንን ወተት ሻጭ «ልጅቷ ገባች?» ብለው ብቻ እንደጠየቁ ነገረችን። አቶ ሀብተማርያም «ምስክር የተጎዳበት ችሎት ዳግም አይቀመጥም» አሉ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከግድግዳ ጋር ነበር የሚቀመጡት። እኔ መዝገበ ቃላት ገዛሁና ብቻዬን ተማርኩ፤ በሺ የሚቆጠር ቃል አውቃለሁ፣ አብዛኛው የማንም አይደለም። ሰናይት አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች አማርኛዋ አለቀ፤ እትዬ ዘውዴ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አልለመደችም። አክስታችን ስትሞት እህቴ አጠገቧ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ነገረቻት፤ እትዬ ዘውዴም ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን አለች?» አለችኝ።