ተካልኝ የፈረመው ፎርሙላር

ተካልኝ አርባ ዓመት ሲሞላው የፋብሪካ ጓደኞቹ ከነሚስቱ ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘልበትን ቲኬት ሰጡት። ወይንሸት ሰማይ ላይ ምንም ጉዳይ የላትም፤ ባሏ ግን አንዴ እሺ ካለ አለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሚኖሩበት ከኒድ ሰፈር ተነስተው ከፍራንክፈርት ወጣ ካለ የአውሮፕላን ሜዳ ደረሱ።

እዚያ ሞልተው የሚፈርሙት ቅጽ፣ ፎርሙላር፣ ተሰጣቸው። «የልብ ሕመም አለብዎት?» ከሚለው አጠገብ ተካልኝ «ናይን»፣ የለብኝም፣ በሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

«ተካልኝ፣ ልብህስ?»

«በጸሎት ተፈውሻለሁ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት መስክሬ፣ እዚህ ታምሜያለሁ ብዬ ልፈርም?»

ከመሰከረ ሦስት ሳምንቱ ነው። የልብ ኪኒኑንም ያን ዕለት ተወ። ትናንት ግን የቤታቸውን ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይዞ መሐል ላይ ተቀምጦ ነበር።

አብረዋቸው ከሚዘሉት አሰልጣኞች ጋር የሚያያይዛቸውን ቀበቶ አሰሩላቸው። የአውሮፕላኑ ሞተር መጮህ ጀመረ። ተካልኝ ይስቃል፤ ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። ወይንሸት ዝም ብትል ሬሳውን ተቀብላ መመለሷ ነው፤ ብትናገር ባሏን በፈረንጅ ፊት ውሸታም ማድረጓ።

የተካልኝን አሰልጣኝ እጅጌ ያዘች። በተሰባበረ ጀርመንኛዋ «ባሌ ልቡን ያመዋል፤ መድኃኒቱንም ትቷል» አለችው።

ሰውየው ተካልኝን አንዴ አየና ቀበቶውን ይፈታ ጀመር።

«አዋረድሽኝ! ነገ ጉባኤው ምን ይለኛል?»

«የፈለጉትን ይበሉህ። ብቻ ቆመህ ስማቸው።»

አውሮፕላኑ ያለ እነሱ ሄደ። ተካልኝ ሳሩ ላይ ዘፍ አለ። ወይንሸትም የራሷን ቀበቶ አስፈትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቱን አዞረባት፤ ሲተነፍስ ግን ትሰማዋለች።