ለጥሎሽ የተሰፋው ስስ ቀሚስ

ነገሩን መጀመሪያ የነገረችኝ እዚህ ስደት አገር፣ ካሳራኒ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነችው ልብስ ሰፊዋ ጽጌ ናት። ዳዊት ለእጮኛው ለሄለን ጥሎሽ ስስ የበጋ ቀሚስ አዘዛት። ለልክ ብሎም አንድ አሮጌ ቀሚስ ሰጣት፤ "ሄለን እኔ ቤት ረስታው ነው" አላት።

የጥሎሹ ዕለት እኔም ነበርኩ። ሄለን አዲሱን ቀሚስ ለብሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ወጣች፤ ዚፑ አልዘጋ ብሏል፣ ጠርዙ መሬት ይጠርጋል።

"ጽጌዬ፣ የማንን ልክ ነው የወሰድሽው?" አለች ሄለን።

ጽጌ ዳዊትን አየችው። እሱ አቀረቀረ።

የሄለን እናት "ስፌት አይደል፣ ይስተካከላል" አሉ።

ሄለን ግን ሚዜዋን ማርታን ክንዷን ያዘቻት። "ነይ፣ አንቺ ልበሺው።"

"ኧረ ተይኝ፣ ሰው ፊት" ብትልም ጎትታ ጓዳ አስገባቻት። ማርታ ስትወጣ ቀሚሱ ልክክ ብሎባታል።

ዳዊት አገር ቤት፣ አዲስ አበባ ገባ። ማርታ ከሰፈር ለቀቀች። ሄለን እዚሁ ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ሌላ ሰው አገባች።